ገራዶ፣ ደሴ እና የቦርከና ረግረግ በ1፡50,000 ካርታ

የመልክዓ ምድር ካርታ፤ በቀለም የታተመ ወረቀት

ቡናማዎቹን መስመሮች ልብ ብለው ይዩ። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል የ20 ሜትር የከፍታ ልዩነት አለ። ጦሳ ተራራ ላይ ተጠጋግተው ሊነካኩ ይደርሳሉ፤ ገራዶ ሲደርሱ ይራራቃሉ፤ ሜዳው እዚያ ነው። ካርታው ላይ 2 ሳንቲሜትር በመሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው።

የካርታ ሥራው የተጠናከረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያና በአሜሪካ ትብብር ነበር። ተደራራቢ የአየር ፎቶዎች በጥንድ ሲታዩ ተራራው ከፍ፣ ሸለቆው ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ከፍታውን የሚያረጋግጡት ግን መሬት ላይ የተለኩ ነጥቦች ናቸው። ይህን ድካም የተሸከሙ ቀያሾች ከሚገባቸው ያነሰ ይነገርላቸዋል።

ከኮምቦልቻ በታች፣ በደቡብ በኩል ባሉት አጎራባች ካርታዎች፣ የቦርከና ወንዝ በጨፋ ሜዳ ይተኛል። ሰማያዊዎቹ የሣር ምልክቶች ረግረጉን ያሳያሉ። የአየር ፎቶ የሚነሳው ሰማይ በሚጠራበት በበጋ ስለሆነ የክረምቱ ውኃ ከዚህ ይሰፋል። በዚያው በበጋ የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ለግጦሽ ወደ ጨፋ ያመጣሉ።

በአካባቢው ያደጉ ጎብኚዎቻችን፣ ረግረጉ በልጅነታችሁ እስከ የት ይደርስ እንደነበር በካርታው ላይ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው።