ከግብር አዳራሽ ወደ ሰፈር ጠጅ ቤት

በአማርኛ «ግብር» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው ባላገር ለመንግሥት የሚያገባው እህል፣ ማር፣ ከብትና ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛውም ንጉሥ ወይም መኰንን ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የሚያበላው ድግስ ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይመስልም፤ በጉንዶ ተሞልቶ ወደ ግቢ የገባው ማር በግብር ቀን በዋንጫና በብርሌ ሆኖ ተመልሶ ይወጣ ነበርና። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሥርዓት በአዲስ አበባ ወደ ሰፈር ጠጅ ቤትና ወደ ምግብ ቤት እንዴት እንደ ተሸጋገረ፣ ሽግግሩንም ማን እንደ ፈጸመው ማመልከት ነው።

በቀድሞ ዘመን መንገደኛ ስንቁን፣ ማለት በሶውን፣ ድርቆሹንና ቆሎውን ይዞ ይጓዝ ነበር፤ ስንቁ ሲያልቅበትም «የእግዜር እንግዳ» ብሎ በሰው ደጅ ይቆማል። በገበያና በጦር ሰፈር አካባቢ ጠላና አረቄ የሚሸጡ ባይጠፉም፣ ለእንግዳ እንጀራ በዋጋ ማቅረብ ከነውር ይቈጠር ነበር። ስለዚህም ከቤቱ ውጭ የሚበላ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይም የጌታ ግብር የሚበላ ሎሌ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ ብዙ ሺህ ሰው በየተራው እየገባ ግብር ይበላ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የአቀማመጡ ሥርዓት በማዕረግ የተወሰነ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መጀመሪያ በመጋረጃ ውስጥ ሆነው ይመገባሉ፤ ታላላቆቹ መኳንንት ይከተላሉ፤ ጭፍራው በመጨረሻ ይገባል። ብርንዶው ለሁሉ ቢደርስም፣ ጠጁ ግን እንደ ማዕረጉ የተለየ ነበር፤ የጠራውና የቈየው ለላይኛው፣ ቀጭኑ ለታችኛው ይቀዳል። እንግዲህ አንድ ሰው የሚጠጣውን ጠጅ የሚወስንለት ምላሱ ሳይሆን ሹመቱ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያሰናዱት የግቢው ክፍሎች ጠጅ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ እንጀራ ቤትና ሥጋ ቤት ይባሉ ነበር። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ዛሬ በከተማው መንገድ ዳር «ጠጅ ቤት» ወይም «ሥጋ ቤት» የሚል ጽሕፈት ስናይ፣ የምናነበው አስቀድሞ የግቢ ክፍል መጠሪያ የነበረውን ስም ነው። ስሙ ሳይለወጥ ባለቤቱና ደንበኛው ተለውጠዋል።

ለውጡን ያመጣው ገንዘብና ከተማ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቈረቈረች፤ የምኒልክ ብር 1887 ዓ.ም. የሚል ዘመን ተቀርጾበት ወጣ፤ የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. ከተማዋ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ከየአገሩ የመጣ ጌታ የሌለው ነጋዴ፣ ሠራተኛና ባለጉዳይ በዛ። ይህ ሰው ግብር የሚያበላው የለውም፤ ስንቁም አይበቃውም።

እቴጌ ጣይቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ያቋቋሙት እቴጌ ሆቴል ለዚህ ችግር ከላይ የተሰጠ መልስ ነው። መኳንንቱ በዋጋ መብላትን ስለ ነወሩት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በልተው ከፍለው እንዳስተማሩ በቃል ይነገራል። ነገሩ በዝርዝሩ እንደ ተባለው ይሁን አይሁን፣ ትውፊቱ ራሱ ምስክር ነው፤ ለምግብ መክፈል ያን ጊዜ ትምህርት የሚያሻው አዲስ ነገር እንደ ነበር ያሳያልና።

ከታች የተሰጠው መልስ ግን ከዚህ ይልቅ ሰፊ ነው፤ ሠሪዎቹም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ከባሏ የተፋታች፣ የሞተባት፣ ወይም ርስት ሳይደርሳት ቀርቶ ወደ ከተማ የመጣች ሴት ከእናቷ የተማረችውን ሙያ መተዳደሪያዋ አደረገችው። ጋኑን በወይራ አጥና፣ ማሩን በውሃ በጥብጣ፣ ጌሾ ጨምራ ጠጅ ትጥላለች፤ ሲደርስ አጥልላ በብርሌ ትሸጣለች። ለጾመኛ ሽሮ፣ ለፍስክ ቀን ጥብስ ታቀርባለች። በጠጅ ቤቷም ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ተብሎ የሚለየውን ጠጅ ደንበኛው እንደ ፍላጎቱና እንደ ኪሱ ያዛል። በአንድ አግዳሚ ላይ ጸሐፊውና ተሸካሚው ጐን ለጐን ይቀመጣሉ፤ አዝማሪውም በማሲንቆው ሁለቱንም እኩል ያወድሳል፣ እኩል ይሸነቍጣል። በአዳራሹ ማዕረግ የወሰነውን በዚህ የወሰነው ሳንቲም ነው። ሳንቲምም ራሱ ሌላ ማዕረግ እንደሚያቆም አይካድም፤ ነገር ግን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ሹመት ግን እንዲህ በቀላሉ አይዛወርም ነበር።

በኋላ ዘመን የሰፈር ምግብ ቤቶች ጉደርን የመሰለ የወይን ጠጅ በጠርሙስ ማቅረብ ቢጀምሩም፣ ቋንቋው መሠረቱን አልለቀቀም። የወይኑ መጠጥ «የወይን ጠጅ» ተብሎ ከማሩ መጠጥ ስም ተበደረ፤ እንግዳው መጠጥ በባለቤቱ ስም ገባ።

ለባለሙያዎቹ የተከፈለው ዋጋ ግን የሚያሳዝን ነው። በግቢ ጠጅ የጣለ ሹም ይባል ነበር፤ በሰፈር የጣለችው ግን «ኮማሪት» ተባለች፤ ስሙም ከሙያ መጠሪያነት ወደ ስድብ አጋደለ። ለከተማው ማዕርግ ያልለየ ገበታ የዘረጉ ሴቶች ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ አልተጻፈም።

ጊዜውም እያጠረ ነው። እቴጌ ሆቴል በጥር ወር 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጐዳ፤ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ማር ሲወደድ በስኳር የሚጣል ጠጅም በዝቷል። ስለ ግብር አዳራሹ የጻፉ ብዙዎች ናቸው፤ ስለ ጠጅ ቤቱ ግን የሚናገሩት ጥቂት አረጋውያን ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለወጣት ተመራማሪዎች የምናሳስበው፣ ባለቤቲቱ ማን እንደ ነበረች፣ ከየት እንደ መጣች፣ ማሯን ከማን እንደ ገዛች፣ ልጆቿን በምን እንዳሳደገች ከአረጋውያኑ አፍ ጠይቀው እንዲጽፉ ነው። ብርሌው በሙዚየም ሊቀመጥ ይችላል፤ የቀዳችው እጅ ታሪክ ግን ካልተጻፈ ከተናጋሪው ጋራ ይቀበራል።