ባዕዱ ማነው?

አንዳንድ ቃል ከአፋችን ሲወጣ ምን እንዳልን እንኳ አናስተውለውም። «ባዕድ አምልኮ» አንዱ ነው። አያቶቹ ከጠጡት ምንጭ ዳር፣ ከኖሩበት ዋርካ ሥር እርጥብ ሣር ይዞ የሚለምነውን ሰው እምነት «ባዕድ» እንለዋለን። ባዕዱ ማነው ጎበዝ? ዛፉ ነው፣ ሰውየው ነው ወይስ ስም አውጪው?

ፈረንጁም ከእኛ አልተሻለም። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር በ1871 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዛፉም ወንዙም መንፈስ አለው የሚለውን እምነት «አኒሚዝም» ብሎ የሃይማኖት መሰላል የታችኛው እርከን ላይ አስቀመጠው። ከላይ ማንን እንዳስቀመጠ መገመት አያቅትም።

እስቲ ባሌን እንይ። ከጎባ ሳኔቲን አቋርጦ ወደ ሐረና ደን ሲወረድ፣ እስከ አንገቱ ድረስ ያለው ሰው ቡናውን ከጫካ ይለቅማል፤ ቀፎውን ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ከብቱን እንደየወቅቱ ከደጋ ወደ ደን፣ ከደን ወደ ደጋ ይነዳል፤ ይህንንም «ጎዳንቱ» ይለዋል። አብዛኛው ሙስሊም ነው። በነባሩ የኦሮሞ አስተሳሰብ ግን ፈጣሪው ዋቃ ነው፤ ፍጥረት ሁሉ የየራሱ «አያና» አለው፤ በፍጥረታት መካከል የሚከበረው ወሰን «ሰፉ» ይባላል። ይሄ ዛፍ ማምለክ አይደለም፤ ከዛፍ ጋር በሕግ መኖር ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ስም የሚያወጣ ሥልጣን ያለው ነው እል ነበር። በአርሲና በባሌ ተራሮች ያለውን የደጋ አጋዘን አገሬው «ጋደምሳ» ይለዋል። በ1910 ላይደከር የተባለ እንግሊዛዊ ግን አድኖ ባመጣው በባክስተን ስም ሰየመው። ጀርመናዊው ሃበርላንድም በ1963 ስለ ደቡብ ኦሮሞዎች ብዙ የቃል ታሪክ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ፤ ርዕሱ ግን ሕዝቡ ራሱን የማይጠራበት፣ ዛሬ ስድብ የሆነ ስም ነው።

አስመሮም ለገሰ በዚህ ላይ ተነሣ። በ1973 ስለ ቦረና ገዳ ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ «የተቃውሞ አንትሮፖሎጂ» ያለውን መጣጥፍ አክሎ የምዕራባውያኑን አጠናን ሞገተ።

ሽማግሌ ያለው ሁሉ ልክ ነው አልልም። በሐረና ሰውም ከብቱም በዝቷል፤ ጎዳንቱም በየቦታው ወደ ቋሚ ሰፈራ እየተለወጠ ነው። ግን የባሌ ተራሮች ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ጥበቃው ሲታቀድ የሐረናን ሰው የከብቱን ቁጥር ብቻ ጠይቀን ብንመለስ፣ ደኑ እስከ ዛሬ በምን ሕግ እንደኖረ ሳናውቅ እንቀራለን። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው ለዚህ ነው።