«ቼ በለው» በላቲን ፊደል፦ የአንድ ሸክላ ዳግም ኅትመትና የርዕሶቹ አጻጻፍ

ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» የተሰኘውን ሸክላ ያሳተሙት በ1977 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሳታሚው የአሊ አብደላ ካይፋ የሙዚቃ ድርጅት፣ ካይፋ ሪከርድስ ነበር። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ይኸው ሥራ ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለ የአሜሪካ አሳታሚ አማካይነት ዳግም በሸክላ ታትሞ ለዓለም ገበያ ቀረበ። ስለዚህ ዳግም ኅትመት የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ድምፁ ነው፤ ስለ ኦርጋኑ፣ ስለ ዋ-ዋ ፔዳል ጊታሩ፣ ስለ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን። ለቋንቋ አጥኚ ግን ሸክላው ሌላም ነገር ይዟል። ሥራው በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ስለሆነ በውስጡ ያለው አማርኛ የዘፈኖቹ ርዕስ ብቻ ነው፤ ያም አማርኛ ወደ ውጭው አድማጭ የደረሰው በላቲን ፊደል ተጽፎ ነው።

ርዕሶቹ ብቻቸውን መቆማቸው ከዘመኑ ሁኔታ ጋር ይያያዛል። ከ1974 ለውጥ በኋላ የዘፈን ግጥም በሳንሱር ዓይን ሥር ወደቀ፤ ሰዓት እላፊም የአዲስ አበባን የሌሊት ሕይወት ቀየረው። ዋልያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል ይጫወት በነበረበት በዚያ ጊዜ፣ የሰዓት እላፊው ሰዓት ካለፈ ታዳሚው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ሙዚቃው እስከ ንጋት የሚቀጥልበት ሌሊት ነበር። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ለመርማሪ የሚያቀርበው ቃል ርዕሱን ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ርዕስ፣ በተዘፈነ ሥራ ላይ ከሚኖረው ድርሻ እጅግ የላቀ ሸክም ተሸከመ፤ የታወቀ ዜማን ያስታውሳል፣ ስሜትን ይጠቁማል፣ ያልተዘፈነውን ግጥም በአድማጩ አእምሮ ያስጀምራል። «ሎሚ ተራ ተራ» የሚለውን ርዕስ ያየ አማርኛ ተናጋሪ ቀሪውን ማንም ሳይነግረው ያንጎራጉረዋል።

ከዚህ ቀደም ብሎ ስለ ሸክላ ኅትመት ታሪክ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አማርኛ በሸክላ መቀረጽ የጀመረው በነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፅ ሲሆን፣ ቀረጻው የተካሄደው በ1908 እና በ1910 መካከል በጀርመን ነው። በኋላ ሸክላ የማሳተምና የማስገባት መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ቆየ። ይህን ብቸኛ መብት የደፈረው ወጣቱ ነጋዴ አምሐ እሸቴ ነበር። በ1969 አምሐ ሪከርድስን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀረጸ፤ በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረም ቅጂዎቹን መጀመሪያ በሕንድ አስታተመ። አምሐ በ1975 አገር ለቆ ሲወጣ ድርጅቱም ሥራውን አቆመ። ካይፋ ሪከርድስ ግን ቀጠለ፤ «ቼ በለው»ም ካሴት ገበያውን ጠቅልሎ ሊወስድ በተቃረበበት፣ በሸክላ ዘመን ማምሻ ላይ የወጣ ሥራ ነው።

«ሸክላ» የሚለው ቃል ራሱ የዚህ ታሪክ አካል ነው። የመጀመሪያዎቹ ዲስኮች ሼላክ ከተባለ ሙጫ መሰል ነገር የተሠሩ ስለነበሩ ከእጅ ሲወድቁ እንደ ሸክላ ዕቃ ይሰበሩ ነበር። የ«ሼላክ» እና የ«ሸክላ» ድምፅ መቀራረብ አንዱ ከሌላው መጣ ለማለት ይጋብዛል፤ ሆኖም መሰባበሩና አፈር መሰል መልኩ ብቻውን ለትርጉም መስፋት በቂ ምክንያት ስለሚሆን፣ የድምፁን መመሳሰል እንደ መልካም አጋጣሚ መቁጠር ይሻላል። ትኩረት የሚገባው ቃሉ ከቁሱ ዕድሜ በላይ መኖሩ ነው። ዲስኩ የማይሰበር ፕላስቲክ ከሆነ በኋላም ስሙ ሸክላ እንደሆነ ቀረ፤ ዛሬ ከዳግም ኅትመቱ ጋር «ቪኒል» የሚለው ውሰት ቢመጣም፣ በሙዚቃ ወዳዶች አፍ ሸክላ አሁንም ሸክላ ነው።

ወደ ርዕሱ እንመለስ። «ቼ» ፈረስን ወይም በቅሎን ለማስነሣትና ለማስሮጥ የሚሰማ ጥሪ ነው። አማርኛ «አለ» ከሚለው ግሥ ጋር የማይረቡ ቃላትን በማጣመር የታወቀ ነው፤ «ዝም አለ»፣ «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ» ለዚህ ምሳሌ ናቸው። «ቼ በለው» ላይ ላዩን ሲታይ ከእነዚህ ወገን ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። በጥምር ግሦቹ ተሻጋሪነት ሲፈለግ «አለ» ለ«አደረገ» ቦታውን ይለቃል፤ «ብድግ አደረገው» ይባላል እንጂ በዚያ ትርጉም «ብድግ አለው» አይባልም። «ቼ በለው» ግን ተሳቢውን «-ው» በ«በለ» ላይ በቀጥታ ይቀበላል። ስለዚህ «አለ» እዚህ ላይ ሙሉ ትርጉሙን እንደያዘ ነው፤ ትእዛዙ «ለፈረሱ ‹ቼ› የሚለውን ድምፅ አሰማው» ማለት ነው። «ቼ» አንድን ድርጊት የሚገልጽ ቃል ሳይሆን ለእንስሳ የሚነገር ቃል ነው። የመሣሪያ ሙዚቃ ለዚህ ርዕስ መመረጡም አለምክንያት አይመስልም፤ ጋላቢው የሚያሰማው ቃል የሌለው ጥሪ ነው፣ ሙዚቃውም እንደዚያው።

በላቲኑ አጻጻፍ ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ጥቂት ነው። «ቼ» በሸክላው ላይ የተጻፈው በ«ቲ»፣ «ሲ»፣ «ኤች» እና «ኢ» ፊደላት ሲሆን፣ ይህ የፈረንሳይኛ ልማድ ነው። በ«በለው» ውስጥም ያው የላቲን «ኢ» ሁለት ጊዜ ይመጣል። ሦስቱ «ኢ»ዎች በዓይን አንድ ናቸው፤ በአማርኛ ግን የመጀመሪያው ኀምስ፣ የቀሩት ሁለቱ ግዕዝ ናቸው። አማርኛ የማያውቅ አንባቢ ልዩነቱን ሊገምት አይችልም፤ «ቼ»ን ከ«ጬ» የሚለይበትም መንገድ የለውም።

በዚያው ሸክላ ላይ ያሉት ሌሎች ርዕሶች ደግሞ ሌሎች ልማዶችን ያሳያሉ። «ወገኔ» ተብሎ የሚነበበው ርዕስ «ገ»ን የሚጽፈው «ጂ» እና «ኤች»ን በማጣመር ነው፤ ይህ ጣሊያንኛ ከ«ኢ» በፊት የሚመጣውን «ገ» ወደ «ጀ» እንዳይለወጥ የሚጠብቅበት ዘዴ ነው። «እባክሽ ታረቂኝ» ውስጥ «ኝ» በ«ጂ» እና «ኤን» ተጽፏል፤ ይህን ጣሊያንኛም ፈረንሳይኛም ይጋሩታል። በዚያው ርዕስ ውስጥ «ሽ» የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛው ልማድ ነው። «የሚያስለቅስ ፍቅር» ላይ «ቅ» እና «ክ» በአንድ የላቲን ፊደል ተጠቃልለው፣ ከ«ቅ» በኋላ የሚሰማው ሳድስ አናባቢም ተውጧል። በአንድ የሸክላ ገጽ ላይ የሦስት አውሮፓዊ ቋንቋዎች ሥርዓተ ጽሕፈት ተቀላቅሎ ይገኛል ማለት ነው። ይህን እንደ ስሕተት ማየት ይቻላል፤ ትክክለኛው አመለካከት ግን እንደ ማስረጃ ማየት ነው። የአዲስ አበባ ጸሐፊ፣ ነጋዴና ሙዚቀኛ በ1970ዎቹ የላቲን ፊደልን ከየትኛው ትምህርት ቤት፣ ከየትኛው የሱቅ ሰሌዳ፣ ከየትኛው የፊልም ማስታወቂያ እንደለመደው እንደ ድርብርብ አፈር ይታይበታል።

የባንዱ ስም ራሱ የዚህ ቅይጥነት አካል ነው። «ዋልያስ» በአማርኛ «ዋልያ» ላይ የእንግሊዝኛ የብዙ ቁጥር ምልክት የተጨመረበት ነው፤ ዛሬ ብሔራዊው የእግር ኳስ ቡድን ከዚያው እንስሳ ሲሰየም ግን ብዙ ቁጥሩ በአማርኛ ረብቶ «ዋልያዎቹ» ሆኗል።

ከሁሉ ይበልጥ የተሰራጨው የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ነው፤ ብዙ የውጭ ቡድኖች ደጋግመው ተጫውተውታል። ርዕሱ በግዕዝ ቅጽል አመሠራረት «-አዊ» በውሰት ቃል ላይ የታነጸ ነው። «ሙዚቃ» በ«ዚ» በኩል ጣሊያንኛውን፣ በ«ቃ» በኩል ዐረብኛውን ይመስላል፤ የውሰቱን መንገድ የሚመረምር ሰው ሁለቱንም ምልክቶች ይፈልጋቸዋል። በሸክላው ላይ ግን «ዚ» በ«ኤስ»፣ «ቃ» በ«ሲ» ስለተተካ ሁለቱም ምልክቶች ጠፍተዋል። ሌሎች ኅትመቶች «ዜድ» እና «ኪው»ን መልሰዋል፤ በዚህም አንዱ ዜማ ሁለት ስም ይዞ ይዞራል። «ስልት» ደግሞ በላቲን ሲጻፍ በእንግሊዝኛ የወንዝ ደለልን ከሚያመለክት ቃል ጋር በፊደል አንድ ይሆናል፤ «ሙዚቃዊ ደለል» ብሎ የተረዳ አድማጭ ቢኖር አይፈረድበትም።

ንጽጽር ነገሩን ያጎላዋል፤ ለዚህም ከኢትዮጵያ በስተምዕራብ ያለውን የነጭ አባይ ዳርቻ መመልከት ይጠቅማል። ጉምቦ ከጁባ ከተማ ማዶ፣ በወንዙ ምሥራቃዊ ዳር፣ ወደ ኒሙሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ፣ በሬጃፍ አስተዳደር ሥር የሚቆጠር ሠፈር ነው። በ1928 የሬጃፍ የቋንቋ ጉባኤ የተካሄደው በዚሁ አካባቢ ሲሆን፣ ባሪ፣ ዲንቃ፣ ኑዌር፣ ሽሉክ፣ ላቱካና ዛንዴ በላቲን ፊደል እንዲጻፉ የተወሰነውም በዚያ ነው። ውሳኔው የቅኝ ገዥዎችና የሚሲዮናውያን ውሳኔ ነበር፤ የዐረብኛን ፊደል ከደቡቡ የማራቅ ዓላማም ነበረው። ያም ሆኖ የላቲኑ አናባቢዎች ሲያንሱ ተጨማሪ ምልክት እንዲበጅ ጉባኤው በባለሙያ ተመክሯል። አማርኛ የራሱ ፊደል ስላለው እንዲህ ያለ ጉባኤ አላስፈለገውም። በ1967 ለቦታ ስሞች የሚያገለግል የላቲን አጻጻፍ በተባበሩት መንግሥታት ደረጃ ጸድቆለታል፤ ይህም ኀምስን ከግዕዝ በአናት ሰረዝ ይለያል። የካርታ ሠሪዎች ሥርዓት ግን ወደ ሸክላ ቤት አልዘለቀም። የጉምቦ ስም በላቲን ሲጻፍ የሚከተለው ሕግ ሲኖር፣ «ቼ በለው» የሚከተለው ሕግ አልነበረም።

በሙዚቃው ዘርፍ ወጥ ሥርዓት ለማበጀት የሞከረው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። የማሕሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» በ1986 በቤልጅየም ክራምድ ዲስክስ ዳግም ካሳተመ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ኅትመት ጀመረ። በዚያ አጻጻፍ ግዕዝ አናባቢ በፈረንሳይኛው ግራ-ዘመም ጭረት፣ ኀምስ ደግሞ በቀኝ-ዘመም ጭረት ተለይቷል። ለፈረንሳይኛ አንባቢ የተዘጋጀ ቢሆንም ለአማርኛ ፊደል ከሸክላዎቹ ይልቅ ታማኝ ነው። ችግሩ የእንግሊዝኛው ገበያ ጭረቶቹን ግማሹን ጠብቆ ግማሹን መጣሉ ነው፤ ስለዚህም አስታጥቄ የሚለው የአባት ስም በሽፋኖች ላይ አንዴ በ«ኬ»፣ አንዴ በ«ኪው» ተጽፎ ይገኛል።

የ2014ቱ ኅትመት የመጣው በሌላ መንገድ ነው። አሳታሚው ብራያን ሺምኮቪትዝ የኃይሉን የ1985 ካሴት በባሕር ዳር አግኝቶ ባለቤቱን በዋሽንግተን ፈለገው። ኃይሉ በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ እዚያው የቀረ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዳ በዕረፍት ጊዜው መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013፣ «ቼ በለው» በተከታዩ ዓመት ታተመ፤ ሙዚቀኛውም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ዳግም ኅትመቱ የቀድሞውን የላቲን አጻጻፍ ሳያርም ማስተላለፉ የሚያስመሰግነው ነው፤ የብራና ገልባጭ ከፊቱ ያለውን እንዳለ ሲገለብጥ ለኋላ መርማሪ የሚያቆየው ነገር እንዳለ ሁሉ።

በአንጻሩ በአዲስ የተለጠፈው ስያሜ ከሸክላው የራቀ ነው። ኦርጋንና ዋ-ዋ ጊታር የሰማ የውጭ ነጋዴ እነዚህን ሥራዎች ከሳይኬዴሊክ ሮክ መደርደሪያ አጠገብ ያኖራቸዋል። በተሠሩበት ከተማ ግን «ዘመናዊ ሙዚቃ» ነበሩ፤ ተቃራኒውም «ባህላዊ» እንጂ ሌላ የሮክ ዓይነት አልነበረም። «ዘመናዊ» ስለ ጊዜና ስለ መሣሪያ የሚናገር ቃል ነው። «ሳይኬዴሊክ» ስለ አእምሮ መነዋወጥ ይናገራል፤ በሰዓት እላፊ ሆቴል ውስጥ የታሰረ ታዳሚ እስኪነጋ የሚደንስበትን ሙዚቃ አይገልጽም።

የፊደሉ ጉዳይ የምሁራን ጨዋታ ብቻ አይደለም። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 «የግሌ ትዝታ»ን ለዘፈናቸው እንደተጠቀሙበት፣ የዚያ ዘመን ሥራዎች ዛሬ በሌሎች ሥራዎች ውስጥ ተቆርጠው ይገባሉ፤ ክፍያውም በስም ይፈለጋል። በየመዝገቡ አምስት ዓይነት የሚጻፍ ርዕስ አምስት ዘፈን ይመስላል፤ ሁለት ዓይነት የሚጻፍ ደራሲም ሁለት ሰው። በፊደል «ግርማ በየነ» የሚጻፈው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። አዲስ ሸክላ በሚታተምበት ጊዜ የድሮው ላቲን እንዳለ ተጠብቆ፣ በጎኑ የአማርኛው ርዕስና የደራሲው ስም በፊደል ቢታተም፣ ተጨማሪው ወጪ የአንድ መስመር ቀለም ነው።