ክቱባ

ክቱባ በአይሁድ ሃይማኖት ባል ለሚስቱ ያለበትን ግዴታ የሚዘረዝር የጋብቻ ውል ነው። ውሉ በሁለት ምስክሮች ይፈረማል፣ በሠርጉ ላይ ይነበባል፣ ከዚያም በሚስቲቱ እጅ ይቀመጣል። አብዛኛው ቃሉ ለዘመናት የጸና ቢሆንም ቀኑ፣ ቦታው፣ ስሞቹ፣ የሙሽራይቱ ሁኔታና የገንዘቡ መጠን ለእያንዳንዱ ጋብቻ ተለይተው ይጻፋሉ። ደባርቅ፣ ዳባትና ደረስጌ በሚገኙበት በስሜንና በወገራ ምድር የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ይህን የረቢዎች ጽሑፍ አያውቁትም ነበር። ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ግን የውሉ ቃላት ከማንነታቸው ጥያቄ ጋር ተያይዘዋል።

ስያሜና አመጣጥ

«ክቱባ» ማለት «የተጻፈ» ማለት ሲሆን በአማርኛ ከሚታወቀው «ክታብ» ጋር አንድ ሥር አለው። ኦሪት ሚስቱን ለሚፈታ ሰው የፍቺ ጽሕፈት እንዲሰጥ ያዝዛል (ዘዳግም 24)፤ ለጋብቻ ግን የጽሑፍ ውል አያዝዝም። በኢትዮጵያ መጻሕፍት ቅዱሳት ውስጥ በሚገኘው በመጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 7 የሙሽራይቱ አባት ራጉኤል የጋብቻ ውል ሲጽፍ ይታያል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን በግብፅ ኤለፋንታይን ደሴት የኖሩ አይሁድ በአራማይክ የጻፏቸው የጋብቻ ውሎች ተገኝተዋል። በነዚህ ውሎች አንዳንዶቹ ውስጥ ሚስትም ፍቺ የመጠየቅ መብት አላት። ክቱባ አሁን ያለውን መልክ የያዘው ግን በረቢዎች ዘመን ነው። የባል ሀብት ሁሉ ለክቱባው መያዣ እንዲሆን የደነገገው ሺምዖን ቤን ሸታሕ እንደሆነ በታልሙድ ይነገራል። ዓላማው ባል ሚስቱን በቀላሉ እንዳይፈታትና ብትፈታም ሆነ ባሏ ቢሞትባት ባዶ እጇን እንዳትቀር ነው።

በስሜንና በወገራ የነበረው ሥርዓት

ቤተ እስራኤላውያን ኦሪትን በግዕዝ የሚያነቡ ሲሆኑ ታልሙድ አልደረሳቸውም። ጋብቻ በወላጆች ፈቃድና በሽማግሌ ልመና ይታሰር ነበር። ዝምድና እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፤ በዚህ ውስጥ የሚገናኙ ሰዎች አይጋቡም። በሠርጉ ቀን ቄሱ ነጭና ቀይ ፈትል በሙሽራው ግንባር ላይ ያስር ነበር። ነጩ የሙሽራው ንጽሕና፣ ቀዩ የሙሽራይቱ ድንግልና ምልክት ነው። የጋብቻው ጽናት በዋነኛነት በሰው ቃል፣ ማለትም በቄሱ፣ በሽማግሌዎቹና በቤተ ዘመዱ ምስክርነት ላይ የተመሠረተ ነበር። ፍቺም በሽማግሌዎችና በቄሶች ፊት ይፈጸም ነበር።

በአካባቢው ክርስቲያኖች ዘንድ ተመሳሳይ ድርሻ የነበረው የሰማንያ ጋብቻ ነው። ይህ ከቁርባን ጋብቻ የተለየ፣ በዋስና በምስክር የሚፈጸም የውል ጋብቻ ነው። «ሰማንያ» የሚለው ቃል የውሉን ወረቀትም ስለሚያመለክት ባልና ሚስት ሲፋቱ «ሰማንያ ቀደዱ» ይባላል። በክቱባ ግን እንዲህ አይደለም። ወረቀቱ ቢቀደድ ወይም ቢጠፋ ጋብቻው አይፈርስም፤ እንዲያውም በሌላ እንዲተካ ሕጉ ያዝዛል። ጋብቻውን የሚያፈርሰው «ጌት» የተባለው የፍቺ ጽሑፍ ብቻ ነው።

የሚመረጡት ቃላት

የክቱባ ጽሑፍ በአራማይክ ነው። ሙሽራው ሙሽራይቱን «በሙሴና በእስራኤል ሕግ» እንደሚያገባ፣ እንደሚያኖራትና እንደሚያከብራት ከገለጸ በኋላ ለዕዳው በትከሻው ላይ ያለው ካባ እንኳ ሳይቀር ሀብቱን ሁሉ ያስይዛል። በየጋብቻው የሚለያዩት ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው፦

• የሙሽራይቱ ሁኔታ፦ ድንግል፣ መበለት፣ ፈት ወይም ወደ አይሁድ ሃይማኖት የገባች መሆኗ ይጻፋል። መሠረታዊው ገንዘብ በዚህ ይወሰናል፤ በሚሽና መሠረት ለድንግል 200 ዙዝ፣ ለመበለት 100 ዙዝ ነው።

• ተጨማሪው ገንዘብ፦ ሙሽራው በፈቃዱ የሚጨምረው ነው። በእስራኤል ብዙዎች በ18 የሚካፈል ቁጥር ይመርጣሉ፤ «ሕያው» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል ፊደላት ድምር 18 ስለሆነ ነው። ቁጥሩ ለጌጥ ቢመረጥም በፍቺ ጊዜ እንደ ዕዳ ሊጠየቅ ይችላል።

• ስሞች፦ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጻፋል። ይህ ከኢትዮጵያ የስም አጠራር ጋር ይስማማል። ወደ እስራኤል ከገቡት ብዙዎቹ ግን የዕብራይስጥ ስም ስለተሰጣቸው ሁለት ስም አላቸው። በአጻጻፍም «ጀ» እና «ጨ» በዕብራይስጥ የራሳቸው ፊደል ስለሌላቸው በሌላ ፊደል ላይ ምልክት ተጨምሮ ይጻፋሉ።

• ተጨማሪ ግዴታዎች፦ በአንዳንድ የምሥራቅ አይሁድ ክቱባዎች ባል ሁለተኛ ሚስት እንዳያገባ የሚከለክል ቃል አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ የኮንሰርቫቲቭ አይሁድ ሊቅ ሳውል ሊበርማን ባል ጌት አልሰጥም ቢል ጉዳዩ ወደ ረቢዎች ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚያስችል አንቀጽ አዘጋጅቷል።

ቤተ እስራኤልና የማንነት ጥያቄ

በእስራኤል የአይሁድ ጋብቻና ፍቺ እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው ሕግ መሠረት በረቢዎች ፍርድ ቤት ሥር ነው። ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ወሰኑ፤ በ1975 ደግሞ መንግሥት የመመለስ ሕግ እንደሚመለከታቸው ተቀበለ። ሆኖም የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ለጋብቻ ለሚመዘገቡት ሁሉ በውኃ የመጥለቅ ሥርዓት ጠየቀ። ምክንያቱ በኢትዮጵያ የተፈጸሙት ጋብቻዎችና ፍቺዎች የረቢዎችን ሥርዓት አልተከተሉም የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ቤተ እስራኤላውያን በኢየሩሳሌም በጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ለሳምንታት የቆየ ተቃውሞ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የናታንያ ዋና ረቢ ዳቪድ ሸሉሽ ይህን ሥርዓት ሳይጠይቁ ያጋቧቸው ጀመር።

ክርክሩ የክቱባን ቃል በቀጥታ የሚነካ ነው። ወደ ሃይማኖቱ እንደ አዲስ የገባ ሰው በውሉ ላይ በሥጋ አባቱ ስም ሳይሆን «የአብርሃም ልጅ» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያለች ሴት በሃላካ ሕግ የካህን ዘር ያለውን ሰው ማግባት አትችልም። እስከ ሰባት ትውልድ አባት የሚቆጥር ማኅበረሰብ የመጥለቁን ሥርዓት ተራ ወግ አድርጎ ያልተመለከተው ለዚህ ነው። የተጠየቀው የዘር ሐረጉ እንዲካድ ሆኖ ተሰምቶታል።

ከኢትዮጵያ ሕግ ጋር ሲነጻጸር

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ተጋቢዎች የንብረት ግንኙነታቸውን በጋብቻ ውል እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በአራት ምስክሮች፣ ሁለት በሚስት፣ ሁለት በባል በኩል መረጋገጥ አለበት። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። በክቱባ ግዴታ የሚገባው ባል ብቻ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሕግ ግን ውሉ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ነው።