የትራንዛክሽን ስህተት መልእክት

የትራንዛክሽን ስህተት መልእክት በሰርቨር ላይ ያለ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) የተጠየቀውን ሥራ መፈጸም ሲያቅተው ለተጠቃሚው መተግበሪያ የሚደርሰው ምላሽ ነው። ትራንዛክሽን ወይ ሙሉ በሙሉ የሚፈጸም ወይ ጨርሶ የማይፈጸም የሥራ ጥቅል ነው። ለምሳሌ በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለ ሰው በስልኩ 500 ብር ሲልክ፣ ገንዘቡ ከላኪው ተቀንሶ ለተቀባዩ ሳይደመር መቅረት የለበትም።

በኤስኪውኤል መስፈርት ስህተት የሚገለጸው ኤስኪውኤልስቴት በተባለ ባለ 5 ምልክት ኮድ ነው። የመጀመሪያዎቹ 2 ምልክቶች ምድቡን ያሳያሉ፦

* 23፦ መረጃው የዳታቤዙን ደንብ ጥሷል፤ ሳይታረም ደግሞ መላክ አይጠቅምም።
* 40፦ ትራንዛክሽኑ ተሰርዟል፤ ለምሳሌ 40001 ከሌላ ትራንዛክሽን ጋር ሲጋጭ የሚመጣ ሲሆን፣ ሥራውን ከመጀመሪያው መድገም ይቻላል።
* 08፦ ግንኙነቱ ተቋርጧል፤ ሥራው መፈጸሙ ላይታወቅ ይችላል።

ከሦስቱ ጥንቃቄ የሚሻው የመጨረሻው ነው። ክፍያው ተፈጽሞ ምላሹ ብቻ መንገድ ላይ ከጠፋ፣ «አልተሳካም» የሚል መልእክት ያየ ላኪ ደግሞ ይልክና 1000 ብር ይወጣበታል። ስለዚህ ትክክለኛው መልእክት «ውጤቱ እየተጣራ ነው» የሚል ነው። ለእያንዳንዱ ክፍያ ልዩ መለያ ቁጥር ከተሰጠ ደግሞ ሰርቨሩ የተደገመውን ጥያቄ ለይቶ ሁለተኛ አይከፍልም። የሰንጠረዥ ስምና መሰል የውስጥ ዝርዝር በሰርቨሩ መዝገብ ይቀመጣል እንጂ ለተጠቃሚው አይታይም።