ያልተነፋው ጎማ

ሐምሌ 4 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1991) ናይጄሪያውያን ሐጃጆችን አሳፍሮ ከጅዳ ወደ ሶኮቶ የተነሣ አንድ ዲሲ 8 አውሮፕላን ተከስክሶ 261 ሰዎች አለቁ። የዚህ ሁሉ እልቂት መነሻ የጎማ አየር ማነስ ነበር።

ጎማዎቹ መነፋት እንደሚገባቸው የጥገና ሠራተኞች አስቀድመው ያውቁ ነበር። ሆኖም ናይትሮጅን በቅርብ ባለመገኘቱና በረራው እንዳይዘገይ በመፈለጉ ሥራው ሳይፈጸም ቀረ።

አየር ያነሰው ጎማ የራሱን ሸክም በጎኑ ላለው ጎማ አስተላለፈ። ከአቅሙ በላይ የተጫነው ጎማም አውሮፕላኑ ለመነሣት ሲንደረደር ፈነዳ፤ ሁለተኛውም ተከተለው። መሽከርከሩን ያቆመው እግር ከማኮብኮቢያው ጋር ሲፋተግ እሳት ተነሣ። አብራሪዎቹ ይህን ባለማወቃቸው የማረፊያውን እግር ባጠፉት ጊዜ የሚነደው ጎማ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ገባ። እሳቱ የሃይድሮሊኩን ሥርዓትና የወለሉን አካል በላ፤ አውሮፕላኑም ለመመለስ ሲታገል ማኮብኮቢያው ላይ ሊደርስ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ወደቀ።

በዚያን ዕለት ጉድለቱን የሚያይ ዐይን አልጠፋም፤ የጠፋው «ጎማው ሳይነፋ አይነሣም» የሚል ቃል ነው። ስለዚህ የጥገና ባለሙያ ፊርማ ሥራው መሠራቱን ብቻ ሳይሆን፣ ያልተሠራ ሲኖር በረራውን ማስቆምንም የሚጨምር አደራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባውም።