ትንፋሽ የተለካበት ደጋ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ዛሬ አላህ (ሱ.ወ) ሳንጠይቀው ከሚለግሰን ኒዕማ ስለ አንዱ፣ ስለ ትንፋሽ እናወጋለን።

በሱረቱል አንዓም 125ኛው አንቀጽ የጠማማ ሰው ልብ ጥበት ወደ ሰማይ በሚወጣ ሰው ደረት ጥበት ተመስሏል። ከአዲአርቃይ ተነስቶ በሊማሊሞ ደባርቅ የወጣ ሰው ነገሩን በራሱ ደረት ያውቀዋል። ታዲያ በዚያ ከፍታ ተወልዶ የሚኖረው ሕዝብ እንዴት ይተነፍሳል?

ይህን የጠየቁት በጂኦፍሪ ሃሪሰን የተመሩ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 በታተመው ጥናታቸው 3000 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የደባርቅ ሕዝብ፣ 1500 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ከአዲአርቃይ ሕዝብ ጋር አነጻጸሩ። የደገኞቹ ደረት ሰፋ ያለ፣ ሳንባቸውም ብዙ አየር የሚይዝ ሆኖ ተገኘ። በ2002 ደግሞ አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ3530 ሜትር ከፍታ በአምባራስ የሚኖሩ 236 ሰዎችን የመረመሩበት ጥናት ወጣ። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደም ሄሞግሎቢን ሲበዛበት፣ የስሜኖቹ ግን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ነበር። ሱብሓነላህ!

ሰፊ ደረት ግን ለአስም ዋስትና አይሆንም። የአስም ችግር ያለው በአየር ቧንቧዎቹ ላይ ነው፤ ግድግዳቸው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ አክታ ይሞላዋል፣ መተላለፊያውም ይጠብባል። በ925 ያረፉት ሐኪም አር-ራዚ፣ አቡ ዘይድ አልበልኺ በጸደይ ጽጌረዳ ሲያሸቱ ለምን ጉንፋን እንደሚይዛቸው የሚያብራራ ጽሑፍ ትተዋል። ሽታና ብናኝ የመተንፈሻን መንገድ እንደሚያስቆጡ ያኔውኑ ልብ ተብሏል ማለት ነው። ሕክምናው ግን ለረጅም ዘመን አስምን የቧንቧ ጡንቻ መኮማተር ብቻ አድርጎ ሲያየው ቆየ። ሥሩ የቧንቧው መቆጣት መሆኑ በሰፊው የታመነበት ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው።

በአገራችን በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር 12,876 ሰዎችን ያካተተ ጥናት በ1997 ታትሟል። አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ ተገኘ። ይህ ሲባል ግን የገጠሩ ጎጆ ጭስ አይጎዳም ማለት አይደለም። በደጋው ብርድ በር ተዘግቶ ኩበትና እንጨት ሲነድ፣ ምጣድ ላይ የምትቀመጠው እናትና ያዘለችው ሕፃን ጭሱን ይምጉታል። ጭስ ሳንባን ያደክማል፣ አስም ያለበትንም ያስነሳበታል። መስኮት መክፈትና ማድ ቤትን ከመኝታ መለየት የአቅማችን ነው።

አንዳንዶች የሚሳበውን መድኃኒት «ሱስ ያስይዛል» ብለው ይሸሹታል። ይህ ስህተት ነው። አንዱ ዓይነት የጠበበውን ቧንቧ ለጊዜው ይከፍታል፤ ሌላው መቆጣቱን በየቀኑ ያበርዳል። ከ2019 ወዲህ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ በመክፈቻው ብቻ መታከምን አይመክርም። ለመድኃኒቱ ባዳ የሆነ፣ በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተመሠረተውን የጎንደር ዩኒቨርሲቲን ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያን ይጠይቅ።

ረመዳን ሲመጣ መድኃኒት የሚያቋርጡም አሉ። የሚሳበው መድኃኒት ጾም ያፈርሳል አያፈርስም በሚለው ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ሼኽ ኢብኑ ባዝና ሼኽ ኢብኑ ዑሠይሚን አያፈርስም ካሉት ናቸው። ያፈርሳል የሚሉትም ቢሆኑ በሽተኛው ታፍኖ ይዋል አላሉም፤ አፍጥሮ ቀዷውን ያወጣል። የየቀኑን መድኃኒት ከሐኪም ጋር ተማክሮ በሱሑርና ከኢፍጣር በኋላ መውሰድም ይቻላል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል፤ በሽታን ያወረደ አላህ መድኃኒቱንም ማውረዱን ነግረውናል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድ። ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።